ዘመድ ሳይጠይቁ፣ ጉዳይ ሳይዙ… አንድ ቀን በባሕር ዳር

ለዛሬ ከክርክሩም ከሐሜቱም ወጣ ብለን እስቲ ወደ ውኃ ዳር እንውረድ።

«ባሕር ዳር» ስንል ከተማዋን እንጂ የስሟን ትርጉም ልብ የምንል ስንቶቻችን ነን? ስሟ እኮ ራሱ የውኃ ጠረፍ፣ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። ፈረንጅ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ሻንጣውን ሸክፎ የሚሄድለትን ነገር እኛ ስሙን ለከተማ ሰጥተን ቁጭ ብለናል። ዕረፍቱን ግን ገና አልቀመስነውም!

ካላመኑ ይሞክሩት። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ አንድ የሚያውቁትን ሰው ያግኙና «ነገ ባሕር ዳር ልሄድ ነው» ይበሉት። «ምነው፣ ደህና?» ነው የሚልዎ። ምክንያቱም ከማርቆስ ባሕር ዳር የሚኬደው ይግባኝ ለማለት፣ ቢሮ ለመመላለስ፣ በሽተኛ ለማድረስ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። «አይ፣ እንዲሁ ውኃ ዳር ልቀመጥ ነው» ቢሉት ደግሞ ወይ ይስቃል፣ ወይ «ይኼ ሰው አንድ ነገር ደብቆኛል» ብሎ ይጠረጥርዎታል።

ቋንቋችንም ቢሆን ለዕረፍት ፊት አይሰጥም። «ሥራ ፈት» ስድብ ነው። «ቦዘኔ» ከዚያ የባሰ ስድብ ነው። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እያልን ያደግን ሰዎች፣ አንድ ቀን እግራችንን ዘርግተን መቀመጥ እንደ ኃጢአት ቢቆጠርብን ምን ይገርማል?

ዝናብ ያለበት ባሕር

የባሕር ዳር ዕረፍት ሲባል አብዛኞቻችን በፊልም ያየነው ነው የሚታወሰን፤ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ነጭ አሸዋ፣ ራቁቱን የተኛ ሰው። ሁሉም ግን እንዲያ አይደለም። የስፔን ሰሜናዊ ዳርቻን ያዩ ሰዎች «አረንጓዴዋ ስፔን» ነው የሚሏት። ዝናብ የሚበዛባት፣ ጉም የሚወርድባት፣ ላምና የግጦሽ ሣር የሞላባት አገር ናት። የጎጃም ደጋ ሰው ቢያያት «ባሕር የተጨመረበት ጮቄ» ብሎ ሳይስቅ አይቀርም። እዚያ ሳን ሴባስቲያን የምትባል ከተማ አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 የስፔኗ ንግሥት ኢዛቤላ ዳግማዊት በሐኪሞቿ ምክር ባሕሩን ልትታጠብ ወደዚያው ወረደች። ንግሥት የሄደችበትን መኳንንቱ ተከተሉት፣ መኳንንት የሄደበትን ደግሞ ሕዝቡ ተከተለው። ዛሬ እዚያ የሚሄደው ቤተሰብ ሹራቡን ይዞ ነው። ዝናብ ቢመጣ ይጠለላል፣ ሲያባራ ይመለሳል።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ? ምንም! ምሳ ይበላሉ፤ ምሳው ካለቀ በኋላ ከገበታው ሳይነሱ ያወጋሉ። ለዚያ ከምሳ በኋላ ለሚደረግ ወግ ስፔኖች ራሱን የቻለ ስም አውጥተውለታል፤ «ሶብሬሜሳ» ይሉታል። ሲመሻሽ ደግሞ ሽማግሌው፣ ልጁ፣ እናቱ፣ ሁሉም ጎን ለጎን ሆነው በዳርቻው ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ይኸው ነው ዕረፍቱ።

ኧረ ይሄ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት ጊዜ የምንጠጣው ቡና «ሶብሬሜሳ» ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ማታ ማታ «ወክ እንብላ» የሚለው የማርቆስ ወጣትስ ምን እያደረገ ነው? ነገሩ አለን። የሌለን ሙሉ ቀን ለእሱ መስጠት ነው።

«ባሕሩስ የታል?» የሚል ይኖራል። እርግጥ እንደ ድሮው ምጽዋ ሄዶ ጨው ውኃ መንከር የለም። ጣና ግን አለ። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ወዲያ ማዶው የማይታይ ውኃ ለዓይን ከባሕር በምን ያንሳል? የአካባቢው ሰውም ቢሆን «ባሕሩ» ነው የሚለው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ያሰፈረው ይህንኑ የእኛን ባሕር ነው።

ሁለቱ ተከራዮች

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። አንዲት የደብረ ማርቆስ ወይዘሮ ለዚህ ዓምድ ያጫወቱንን እንንገራችሁ። ስም አንጠቅስም፤ ልማዳችን አይደለም።

ወይዘሮዋ ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል፤ ጤፍና ስንዴ ይነግዳሉ። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ። ሦስት ልጆች አሳድገው፣ ሦስቱም ከቤት ወጥተዋል። ልጆቹ ሲወጡ ቤቱ ዝም አለ። መምህሩ ከትምህርት ቤት በኋላ ማስጠናት እያሉ አምሽተው ይገባሉ፤ ወይዘሮዋ ደግሞ ገበያ ለመድረስ ሌሊት ይነሳሉ። «እህሉ ስንት ገባ? መብራቱ ተከፈለ? ዕድሩ መቼ ነው?» ከሚለው ሌላ ወሬ የላቸውም። በመጨረሻ ወይዘሮዋ አዲስ አበባ ላለችው ልጃቸው ስልክ ደውለው እንዲህ አሏት። «ልጄ፣ እኔና አባትሽ አንድ ጣሪያ ሥር የምናድር ሁለት ተከራዮች ነን። ተከራይ ደግሞ አንድ ቀን ይወጣል።»

ልጅቷ ብልህ ናት። አልተከራከረችም፤ ሽማግሌም አልላከችም። በ2011 ዓ.ም. የጥር ወር ማብቂያ ላይ፣ ትምህርት ለሴሚስተር ዕረፍት በተዘጋበት ሰሞን፣ ባሕር ዳር ውኃው ዳር የሁለት ሌሊት አልጋ ከፍላ «ሂዱ» አለቻቸው። መምህሩ ገንዘቡ እንዳይባክን ብለው ሄዱ። ወይዘሮዋ ልጃቸውን ላለማስቀየም ሄዱ። እርስ በርስ ብለው የሄዱ ግን አልነበሩም።

በማግሥቱ ጠዋት ቁርስ ላይ መምህሩ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። የአጎታቸውን ልጅ መጠየቅ፣ የቆርቆሮ ዋጋ ማጣራት፣ አንድ ቢሮ ማኅደር ማየት… አምስት ጉዳይ ተራ በተራ ተጽፏል።

«እሺ፣ አሁን መጀመሪያ ወዴት ነን?» አሉ።

«የትም» አሉ ወይዘሮዋ።

«እንዴት የትም?»

«እኔ እዚችው ነኝ። አንተ ሂድ።»

ሄዱ። የቢሮው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። የአጎታቸው ልጅም ከቤት አልነበረም። ገና አራት ሰዓት ሳይሆን ተመልሰው ሚስታቸው አጠገብ ዘጭ አሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሰዓታቸውን እያዩ ተቁነጠነጡ። «ማዘር፣ ፋዘር፣ ጀልባ አለ!» የሚለውን ልጅ ሁለቴ መለሱት። ከዚያ አንድ ታንኳ ማገዶ ጭኖ ቀስ እያለ ሲያልፍ ዝም ብለው ማየት ጀመሩ።

ምሳ በሉ፤ ቡና መጣ። ወረቀቱም ኪስ ገባ። ሁለተኛው ስኒ ላይ መምህሩ ውኃውን እያዩ «ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ» አሉ።

«ለምኑ?»

«ለጡረታ። ማኅደሬን ላይ የሄድኩት ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ተነስቼ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። ስለዚህ ነገር ሳስብ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።»

ወይዘሮዋ ባላቸው የሚያመሹት ቤታቸውን ጠልተው ነው ብለው ነበር የሚያስቡት። ለካ ሰውየው ሥራ ሊያልቅባቸው ሆኖ፣ ሳያልቅ የተረፈውን ሁሉ እየሻሙ ኖሯል። እሳቸውም በተራቸው ተናገሩ። «እኔም የደም ግፊት ክኒን መዋጥ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ከጤፉ ከረጢት ጀርባ ነው የማስቀምጠው።»

«ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«መቼ? ማታ ስትመጣ ተኝቼ፣ ጠዋት ስትነሳ እኔ ገበያ ሄጄ… መቼ ልንገርህ?»

አያችሁ አይደል? በአንድ ቤት ውስጥ ዓመት ሙሉ የተደበቀ ክኒን በሁለተኛው ስኒ ቡና ላይ ወጣ።

«ታዲያ መለያየቱ ቀረ ማለት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ወይዘሮዋ ሳቁ። «አሁንም እንጣላለን እኮ! ግን ክኒኑ ዛሬ ሬዲዮው አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ሐኪም ቤት የምቀርብበትን ቀን የሚያስታውሰኝም እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሚዛኑ ጋ ይቀመጥልኛል። ሒሳብ አይሳሳትም። ምርቃት መስጠት ግን በማርቆስ እምላለሁ አይችልበትም!»

ቀኑን እንዴት እንዋለው?

ጣና ጠበል አይደለም፤ የተጣላ ሁሉ ሄዶ ታርቆ ይመለሳል አንልም። ባዶ ቀን ግን አፍ ያስከፍታል። ያንን ባዶ ቀን ለማግኘት ደግሞ ጥቂት ዘዴ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በዋዜማው ይግቡ። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ በኩል ባሕር ዳር ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ቢሉት ዕረፍቱ ሚኒባስ ውስጥ ያልቃል። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከ600 ሜትር በላይ ወርደው ነው የሚደርሱት። ጋቢዎን ለሌሊቱ ያቆዩት፣ ቀን ነጠላ ይበቃዎታል።

ሁለተኛ፣ ዘመድ! ይኼ ከባዱ ነው። ባሕር ዳር ደርሶ ዘመድ ሳይጠይቁ መመለስ ቅሬታ ያመጣል። «ደጃችንን ረግጦ አለፈ» ይባላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የዘመድን ቀን ከዕረፍቱ ቀን ይለዩት። ወይ አንድ ቀን ይጨምሩ፣ ወይ «ከቤተሰቤ ጋር ነኝ፤ ነገ ስወጣ ጎራ እላለሁ» ብለው በስልክ ይናገሩ። የሚቀየም ካለ ቡና ይዘው ይካሱታል።

ሦስተኛ፣ ጠዋቱን አያባክኑት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው ጊዜ የጣና ምርጥ ሰዓት ነው። ውኃው ዝም ያለ ነው። ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ ፔሊካኖቹ ተሰልፈው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ከደንገል የተሠሩት ታንኳዎችም የሚታዩት በዚህ ሰዓት ነው። ጀልባ ከፈለጉም ጠዋት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ውኃው ይናወጣል። ሳይሳፈሩ ዋጋውን ይጨርሱ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ካልተሰጠዎ አይሳፈሩ። ገዳም ለመሳለም ካሰቡ አንድ ይበቃል፤ ለምሳሌ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ባልና ሚስት ሆናችሁ ሄዳችሁ አንዳችሁ ጀልባ ላይ እንዳትቀሩ። አምስት ገዳም፣ ጢስ ዓባይ፣ ገበያ ብሎ በአንድ ቀን መሮጥ ግን ዘመቻ እንጂ ዕረፍት አይባልም።

አራተኛ፣ ምሳ ዓሣ ይሁን፤ የጣና ቆሮሶ ወይ አምባዛ፣ በጥብስም በጉላሽም። ጾም ከሆነ ለነፍስ አባትዎ እንተወዋለን፤ እኛ አንገባበትም። ከምሳ በኋላ ግን አይነሱ! ቡናውን እስከ በረካ ይጠጡ። ስልክዎን ያጥፉት ወይ ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት። ወሬ ካልመጣ አያስገድዱት፤ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥም ወግ ነው።

አምስተኛ፣ ሲመሻሽ በዳርቻው ይራመዱ። ፀሐይዋ በዘጌ አቅጣጫ ስትወርድ ውኃው ላይ የምትሠራውን በወረቀት መግለጽ አይቻልም። አቅም ያለው ደግሞ ቀደም ብሎ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይውጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩት እዚያ ላይ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን ሲጀምር ቁልቁል ይታያል።

ውኃውን በዓይን እንጂ…

የባሕር ዳር ዕረፍት ተባለ ብለው ዘለው እንዳይገቡ! በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። በውኃው ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው ትል በሰው ቆዳ በኩል ዘልቆ ይገባል፤ ለመግባት ቁስል አያስፈልገውም። እግር እየነከሩ መቀመጥም ያው ነው። የነከረ ሰው በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም ከተሰማው «ጣና ገብቼ ነበር» ብሎ ለሐኪም ይንገር፤ መድኃኒት አለው። ዓባይ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ከሩቅ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን ገዳይ ነው።

ሌላው እንቦጭ ነው። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ የታየው ይህ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ያሉትን ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ብዙ አሠቃይቷል። አበባው ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር ነው። «ለቤት ጌጥ» ብሎ ነቅሎ መያዝ ግን አይገባም። ወደ ሌላ ውኃ የሚዛመተው እንዲህ በሰው እጅም ጭምር ነው።

መንገዱስ?

ይህን ሳናነሳ ብናልፍ አንባቢን መዋሸት ይሆንብናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ መኪና የሚቆምበት፣ ሰው ከቤቱ መውጣት የሚፈራበት ጊዜ በዝቷል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ይጠይቁ፣ ባሕር ዳር ያለ ዘመድዎን ያነጋግሩ። (እነሆ ዘመድ ለዚህም ይጠቅማል!) ከተጠራጠሩ ይቅሩ። ጣና አይሸሽም።

መቅረት ማለት ግን ዕረፍቱን መተው ማለት አይደለም። አዊ ውስጥ ላላችሁ እንጅባራ አጠገብ ዘንገና አለላችሁ። እሳተ ገሞራ የቆፈረው፣ ዙሪያውን ደን የከበበው፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር በላይ የሆነ ክብ ሐይቅ ነው። ጣና እንኳ በዚያ ሁሉ ስፋቱ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ነው። ማርቆስ ላላችሁ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ጅረት ዳር ሣር ላይ ነጠላ ማንጠፍ፣ አንድ ፔርሙዝ ቡናና ዳቦ ይዞ መዋል ማን ከለከለ? ሰው ቢያይ «ምን ሆነው ነው?» ይል ይሆናል። ይበል።

ሠራተኛ ለሆናችሁም አንድ ቃል አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ዓመት ሲጨመር ቀኑም ይጨምራል። ሥራው እየቀጠለ ዕረፍቱን በገንዘብ መለወጥን አዋጁ አይፈቅድም። ሕጉ ራሱ «ሂድና ዕረፍ» እያለ ነው። ከእነዚያ ቀናት አሥራ አምስቱን ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለቤት ግንባታና ለእርሻ ብትሰጡ ቅር አይለንም።

አንዷን ግን ለራሳችሁና አጠገባችሁ ላለው ሰው አስቀሩ። ወረቀት ሳትይዙ ውጡ። «ወዴት ነን?» ሲላችሁ «የትም» በሉት። ከዚያ ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ጠብቁ።

ሰላም ሁኑ!